የሰዓዳን ሟቾች ለዘነጋው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ አንባቢ የተቀባበለው አንድ የአማርኛ ጽሑፍ፣ «ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በሁለተኛው የሥልጣን ዘመናቸው የመጀመሪያ ዓመት የጦር ኃይል መጠቀም አብዝተዋል» የሚለውን ወቀሳ መሠረተ ቢስ ይለዋል። መከራከሪያዎቹ በአጭሩ እነዚህ ናቸው። ፕሬዚዳንቱ አዲስ ጦርነት አልጀመሩም። የወሰዷቸው እርምጃዎች አጫጭርና ውጤታማ ነበሩ። በባሕር ላይ የተገደሉት የአደንዛዥ ዕፅ አዘዋዋሪዎች ናቸው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት መሪዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። መፈራታቸው ሰላም አምጥቷል። በመጨረሻም ጉዳዩ የአሜሪካውያን እንጂ የእኛ የኢትዮጵያውያን አይደለም።

ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም የሚያምኑበትን እንደጻፉ አልጠራጠርም። ከስድስቱ ነጥቦች በአንዱ በከፊል እስማማለሁ። በቀሩት አልስማማም፤ የመጨረሻው ደግሞ በየመን፣ ሰዓዳ ከተማ በአሜሪካ የአየር ጥቃት የሞቱትን ስደተኞች የዘነጋ ስለሆነ አሳዝኖኛል፣ አስቆጥቶኛልም። ቀኖቹን፣ ካላመለከትሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

«አዲስ ጦርነት አልጀመሩም» በሚለው ልጀምር። ፕሬዚዳንቱ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 በበዓለ ሲመታቸው ላይ፣ ስኬታችንን የምንለካው በምናሸንፋቸው ውጊያዎች ብቻ ሳይሆን በምናስቆማቸው ጦርነቶች፣ ምናልባትም ከሁሉ በላይ ፈጽሞ በማንገባባቸው ጦርነቶች ነው ብለው ነበር። ጸሐፊው ይህን ንግግር ያነሱና ቃላቸውን ጠብቀዋል ይላሉ። ከንግግሩ በኋላ በ12ኛው ቀን የአሜሪካ አውሮፕላኖች በሰሜን ሶማሊያ የጎሊስ ተራሮችን ደበደቡ። በማርች የመን ተከተለች፣ በጁን ኢራን። በሴፕቴምበር በካሪቢያን ባሕር ጀልባዎችን መምታት ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ምሥራቅ ፓስፊክ ተሻገረ። በዲሴምበር ሶርያና ናይጄሪያ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 2026 ደግሞ ቬንዙዌላ ተመቱ።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሐዊ አይሆንም። በሶማሊያና በናይጄሪያ የአገሮቹ መንግሥታት ተስማምተዋል። የሶርያው ጥቃት የተሰነዘረው በፓልሚራ ሁለት የአሜሪካ ወታደሮችና አስተርጓሚያቸው ከተገደሉ በኋላ ነው። የቀሩት ግን እንዲህ ያለ ማብራሪያ የላቸውም።

ጸሐፊው ጦርነት የሚሉት እግረኛ ጦር ሲዘምትና የአሜሪካ ወታደር አስከሬን በሣጥን ሲመለስ ብቻ ነው። ይህ የእርሳቸው ብቻ አስተያየት ቢሆን ባለፍሁት። ነገር ግን የፕሬዚዳንቱ የሕግ አማካሪዎችም የቆሙበት መሬት ይኸው ነው። በ1973 የወጣው የጦርነት ሥልጣን ሕግ ፕሬዚዳንቱ ወታደር ባሰማሩ በ48 ሰዓት ውስጥ ለኮንግረስ እንዲያሳውቁ፣ ኮንግረስ ካልፈቀደላቸው ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ውጊያውን እንዲያቆሙ ያዛል። የጀልባዎቹ ዘመቻ 60 ቀኑን የሞላው በኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነበር። ያን ጊዜ የፍትሕ ሚኒስቴሩ የሕግ ቢሮ ድብደባው «ውጊያ» ስላልሆነ የ60 ቀኑ ገደብ አይመለከተውም አለ። ምክንያት ያደረገውም የአሜሪካ ወታደሮች አደጋ ላይ አለመውደቃቸውን ነው፤ ከሩቅ ሆነው ይተኩሳሉ፣ የሚተኩስባቸው የለም።

ይህን መከራከሪያ እስከ መጨረሻው እንከተለው። ገዳዩ እስካልተነካ ድረስ የሟቾች ቁጥር በስሌቱ ውስጥ ቦታ የለውም። አሥር ቢሞቱም፣ ሺህ ቢሞቱም ጦርነት አይባልም፤ ስለዚህም የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አንድ መሪ ለኃይል መቸኮሉን የምናውቀው ጦርነቱ ስንት ዓመት እንደፈጀ ወይም ስንት የራሱ ወታደር እንደሞተ ቆጥረን አይደለም። ከመተኮሱ በፊት ማንን ጠየቀ? ሌላ ምን ሞከረ? ከተኮሰ በኋላስ ለማን መልስ ሰጠ? ለራሱ ወገን ምንም የማያስከፍል ኃይል ከመሣሪያዎች ሁሉ ቀድሞ የሚነሣ ይሆናል። ጸሐፊው የመቆጠብ ምልክት አድርገው ያቀረቡት ነገር፣ በእኔ ዓይን ችኮላውን የወለደው ራሱ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ «አጫጭርና ውጤታማ» የሚለው ነው። ስለ ኢራን ጸሐፊው አንድ አንቀጽ ሙሉ አድናቆት ጽፈዋል። ጁን 22 ቀን 2025 ሰባት ቢ-2 አውሮፕላኖች የኢራን የኒውክሌር ሥፍራዎች በሆኑት በፎርዶና በናታንዝ ላይ 14 ከባድ የምሽግ ሰባሪ ቦምቦችን ጣሉ፤ ኢስፋሃን በክሩዝ ሚሳኤል ተመታች፤ ፕሬዚዳንቱም ሥፍራዎቹ ሙሉ በሙሉ ተደምስሰዋል አሉ። ከዚያ በፊት የነበረው ግን በጽሑፉ ውስጥ የለም። የብሔራዊ ደኅንነት መረጃ ዳይሬክተሯ ቱልሲ ጋባርድ በማርች ለኮንግረስ ቀርበው፣ ኢራን የኒውክሌር መሣሪያ እየሠራች አይደለም የሚለውን የመረጃ ተቋማቱን ግምገማ አስረድተው ነበር። ፕሬዚዳንቱ በጁን ይህ ሲነሣባቸው እርሷ ያለችው ግድ አይሰጠኝም አሉ። በኦማን አደራዳሪነት ሲካሄድ የቆየው ንግግር ስድስተኛ ዙር በጁን 15 ሙስካት ላይ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር፤ እስራኤል ከሁለት ቀን በፊት ጥቃት በመክፈቷ ቀረ። ጁን 19 ዋይት ሐውስ ፕሬዚዳንቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወስናሉ ብሎ አሳወቀ። ቦምቦቹ የወደቁት ሦስት ቀን በቅጡ ሳይሞላ ነው።

ውጤቱስ? የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እንደገመተው፣ ጦርነቱ ሲጀመር ኢራን እስከ 60 በመቶ የበለጸገ ወደ 440 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ዩራኒየም ነበራት። ከድብደባው በኋላ ኢራን ከኤጀንሲው ጋር የነበራትን ትብብር በሕግ አቋረጠች፤ ያ ሁሉ ዩራኒየምም ከተቆጣጣሪዎች ዓይን ተሰወረ። ሕንጻ መፍረሱ እውነት ነው። ከመፍረሱ በፊት ግን ዩራኒየሙን ተቆጣጣሪዎች ይቆጥሩት ነበር።

ጸሐፊው «ፕሬዚዳንቱ በባሕርያቸው ቁጥብ ናቸው» ለማለት የ2019ኙን ውሳኔ ማንሣት ይችሉ ነበር፤ ስላላነሡት እኔ ላንሣው። በጁን 2019 ኢራን የአሜሪካን ሰው አልባ አውሮፕላን መትታ ስትጥል የአጸፋ ጥቃት ታዝዞ ነበር። ፕሬዚዳንት ትራምፕ 150 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ሲነገራቸው፣ ሰው ያልነበረበት አውሮፕላን ስለወደቀ ይህን ያህል ሕይወት ማጥፋት ተመጣጣኝ አይደለም ብለው አሥር ደቂቃ ሲቀረው እንዳስቆሙት ራሳቸው ተናግረዋል። ያ ውሳኔ ሊመሰገን ይገባዋል። የዛሬውን አካሄዳቸውን የምለካበትም ከእርሱ ነው፤ ያኔ የሟቾችን ቁጥር የጠየቀው ሰው በ2025 ሲጠይቅ አልሰማንም።

የመንን በሚመለከት ደግሞ ዘመቻው አስቸኳይ ነበር ይሉናል። አስቸኳይ አለመሆኑን የነገሩን የፕሬዚዳንቱ ሰዎች ናቸው። በማርች 2025 ከፍተኛ ባለሥልጣናቱ በሲግናል መተግበሪያ ስለ ጥቃቱ ሲነጋገሩ አንድ ጋዜጠኛ በስሕተት መካከላቸው ገብቶ ኖሮ ንግግሩ ታተመ። ለጸረ ሽብር ማዕከሉ ዳይሬክተርነት የታጩት ጆ ኬንት በዚያ ላይ፣ ጊዜውን የሚያስቸኩል ምንም ነገር የለም፣ ከአንድ ወር በኋላም ያሉን አማራጮች እነዚሁ ናቸው ብለው ጽፈዋል። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄዲ ቫንስም ስሕተት እየሠራን ይመስለኛል ብለው ነበር። ድብደባው በማርች 15 ተጀመረ። እስከ ኤፕሪል ማብቂያ ከ800 በላይ ዒላማዎች ተመቱ፤ በሜይ 6 በኦማን ሸምጋይነት ቆመ። ስምምነቱ በአሜሪካና ሰሜን የመንን በያዙት ታጣቂዎች፣ በሁቲዎች፣ መካከል የተደረገ ነበር። በጁላይ ሁቲዎች በቀይ ባሕር በአንድ ሳምንት ውስጥ ማጂክ ሲስና ኢተርኒቲ ሲ የተባሉ ሁለት የንግድ መርከቦችን አሰመጡ። የዘመቻው ዓላማ የባሕር መንገዱን ለንግድ መርከቦች ሁሉ መክፈት ነው ከተባለ፣ «ውጤታማ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ወደ ጀልባዎቹ ልለፍ። ሴፕቴምበር 2 በተመታው የመጀመሪያው ጀልባ 11 ሰዎች ተገደሉ። ዓመቱ ሲያልቅ የሟቾቹ ቁጥር ከ100 በልጦ ነበር። ጸሐፊው «ዕፅ አዘዋዋሪዎች ናቸው» ይላሉ፤ ይህን ግን በፍርድ ቤት ያረጋገጠ የለም። ዕፅ ማዘዋወር በአሜሪካ ሕግ ወንጀል ነው፤ ቅጣቱ እስር ነው፣ የሚፈርደውም ዳኛ ነው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ለብዙ ዓመታት ጀልባ እያስቆመ፣ እየፈተሸና ሰዎቹን እየያዘ ለፍርድ ሲያቀርብ ኖሯል። ይህን ማድረግ የሚችል ኃይል በቦታው እያለ በሚሳኤል መግደል ለምን አስፈለገ? በኦክቶበር አጋማሽ ከተመታ አንድ መርከብ ሁለት ሰዎች በሕይወት ተረፉ። አሜሪካ ክስ አልመሠረተችባቸውም፤ ወደየአገራቸው ወደ ኮሎምቢያና ወደ ኢኳዶር ተላኩ፤ ኢኳዶርም የመጣላትን ሰው የሚያሳስር ነገር አላገኘሁበትም ብላ ለቀቀችው። ባይተርፍ ኖሮ ዛሬ በጸሐፊው ቆጠራ ውስጥ «አደገኛ አዘዋዋሪ» ተብሎ ይጠራ ነበር።

አሜሪካውያን ቤተሰቦችን የጨረሰው ፈንታኒል በዋነኛነት የሚገባው ከሜክሲኮ በየብስ እንጂ ከቬንዙዌላ በጀልባ አይደለም። ዕፅን መዋጋት የዚህን ያህል የሕይወትና የሞት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ፣ ኮኬይን በማዘዋወር በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው 45 ዓመት የተፈረደባቸው የቀድሞው የሆንዱራስ ፕሬዚዳንት ሁዋን ኦርላንዶ ሄርናንዴዝ በዚያው ሰሞን በፕሬዚዳንት ትራምፕ ምሕረት መለቀቃቸውን ጸሐፊው እንዲያብራሩልን እጠይቃለሁ። ፕሬዚዳንቱ በኦክቶበር የጦርነት አዋጅ ከኮንግረስ ይጠይቁ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ አዋጅ የምንጠይቅ አይመስለኝም፣ ዕፅ ወደ አገራችን የሚያስገቡትን ሰዎች እንገድላቸዋለን ነው ያሉት። ቃሉ የራሳቸው ነው፤ ጠላት አልተረጎመባቸውም።

«ከእርሳቸው በፊት የነበሩትም አድርገውታል»። አዎን፣ አድርገውታል። ቢል ክሊንተን በኦገስት 1998 ከካርቱም ማዶ የሚገኘውን የአል ሺፋ የመድኃኒት ፋብሪካ በክሩዝ ሚሳኤል አፈረሱ፤ የኬሚካል መሣሪያ ይሠራበታል የተባለው እስከ ዛሬ በማስረጃ አልጸናም። ባራክ ኦባማም በ2011 ሊቢያን ሲያስደበድቡ 60 ቀኑ ሲያልፍባቸው «ይህ ውጊያ አይደለም» የሚለውን መከራከሪያ ይዘው የመጡት የእርሳቸው ጠበቆች ናቸው። የሊቢያውም ዘመቻ «አጭርና ውጤታማ» ተብሎ ነበር፤ የአሜሪካ ወታደርም አልሞተበትም። ያ ዘመቻ መንግሥት አልባ አድርጎ በተዋት አገር ውስጥ ምን እንደበቀለ እኛ ከማንም በተሻለ እናውቃለን፤ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ወንድሞቻችን በባሕር ዳርቻ ሲታረዱ፣ በበረሃ ሲረሸኑ በቪዲዮ አይተን አልቅሰናል። የቀደመው ጥፋት የኋላውን ያጸድቃል ከተባለ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣው መሪ በምን ይገደባል?

አምስተኛው ነጥብ መፈራት ሰላም ያመጣል የሚለው ነው፤ በከፊል እስማማለሁ ያልሁትም በዚህ ነው። በኦክቶበር 2025 በጋዛ ለተደረሰው የተኩስ አቁም ፕሬዚዳንት ትራምፕ ምስጋና ይገባቸዋል። ሌላ መሪ ሊያደርገው ያልፈለገውን ግፊት በቤንያሚን ኔታንያሁ ላይ አድርገዋል፤ ግብጽን፣ ኳታርንና ቱርክን አሰልፈው በሐማስ ላይም አስገድደዋል። የተሳካላቸው ግን በጋዛ ላይ አንድም የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሳያሰማሩ፣ በድርድርና በዲፕሎማሲ ጫና ነው። ጸሐፊው ይህን ስኬት ከኢራኑ ድብደባ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሰራቸው አልገባኝም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረትም ጠቅሰዋል። በቅጠል የሚጠፋውን የእሳት ፍንጣሪ ቀድሞ ማጥፋትና የጎረቤትን ቤት ራስ መለኮስ አንድ አይደሉም።

ቬንዙዌላን እንይ። ኒኮላስ ማዱሮ የ2024ቱን ምርጫ የሰረቁ አምባገነን ናቸው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝባቸው ተሰድዷል፤ እንደኛ ስደትን የሚያውቅ ሰው ለእርሳቸው አያዝንም። ነገር ግን የሌላ አገር ዋና ከተማን በሌሊት ደብድቦ፣ መሪውን ከነባለቤቱ ይዞ ኒው ዮርክ ማቅረብ፣ ይህንንም ለአገሩ ኮንግረስ አስቀድሞ ሳያሳውቁ ማድረግ፣ በዚያው ዕለትም አገሪቱን እኛ እናስተዳድራለን ማለት በየትኛው ሕግ ተፈቀደ? ፕሬዚዳንቱ ወዲያው በኮሎምቢያም እንዲህ ያለ ዘመቻ ይደረግ እንደሆነ ሲጠየቁ ጥሩ ሐሳብ ይመስለኛል አሉ። በዚያው ሳምንት ዋይት ሐውስ የኔቶ አባል የሆነችውን የዴንማርክን ግዛት ግሪንላንድን ለማግኘት የጦር ኃይል ሁልጊዜም አማራጭ ነው አለ። በኋላ በዳቮስ ኃይል አልጠቀምም ብለዋል፤ መልካም አደረጉ። ሆኖም አንዱ ዘመቻ በተሳካ በቀናት ውስጥ ስለ ሁለተኛውና ስለ ሦስተኛው የሚያወራ መሪ ወደ ኃይል እየተሳበ አይደለም ለማለት ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚያስፈልግ አላውቅም።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ ደርሻለሁ። «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም»።

ኤፕሪል 28 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነበር። በዚያ ዕለት ገና ሳይነጋ በሰሜን የመን፣ ሰዓዳ ከተማ የሚገኝ የስደተኞች ማቆያ በአሜሪካ የአየር ጥቃት ተመታ። የሁቲ ባለሥልጣናት 68 አፍሪካውያን ስደተኞች መሞታቸውንና 47 መቁሰላቸውን አስታወቁ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኋላ ጉዳዩን ሲመረምር ያነጋገራቸው 15 ተራፊዎች ሁሉም ኢትዮጵያውያን ናቸው። እግሩን ያጣ አለ፤ ከሞቱ ጓደኞቹ መካከል የወጣ አለ። አምነስቲ ቦታው ወታደራዊ ዒላማ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል፤ ጥቃቱም በጦር ወንጀልነት እንዲመረመር ጠይቋል።

እነዚህ ልጆች እነማን እንደሆኑ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ቤተሰብ ከብት ሸጦ፣ ተበድሮ፣ ለደላላ ከፍሎ የላካቸው ናቸው። በረሃውን በእግር አቋርጠው፣ ከጅቡቲ ኦቦክ በጀልባ የባብ ኤል መንደብን ወሽመጥ ተሻግረው፣ የመንን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቆራርጠው ሰዓዳ የደረሱት የሳውዲ ድንበር ከዚያ ቅርብ ስለሆነ ነው። የታሰሩትም ያለ ፈቃድ ድንበር ስለተሻገሩ ነው። ሁቲ አይደሉም፣ ከሁቲ እጅ ማምለጥም የማይችሉ ነበሩ። ቦታው እስር ቤት መሆኑ ደግሞ የተሰወረ ነገር አልነበረም፤ በዚያው ግቢ ውስጥ በጃንዋሪ 2022 በሳውዲ የሚመራው ጥምር ጦር ባደረሰው ድብደባ ብዙ እስረኞች አልቀው ዓለም በሙሉ ዘግቦታል።

እንዲህ ያለ ቦታ ለምን በዒላማ ዝርዝር ውስጥ ገባ? መልሱን የአሜሪካ ጦር ያውቃል። እኛ የምናውቀው ከጥቃቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት የሆነውን ነው። በፌብሩዋሪ የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴት የምድር ጦሩንና የአየር ኃይሉን ዋና የሕግ አማካሪ መኮንኖች አነሡ፤ ለትእዛዝ መሰናክል እንዲሆኑ አልፈልግም አሉ። በ2022 የሲቪሎችን ጉዳት ለመቀነስ የተዘረጋውን አሠራር ለማፍረስ መነሣታቸውም በማርች ተዘገበ። «እዚያ ሕንጻ ውስጥ ማን አለ?» ብለው መጠየቅ ሥራቸው የሆነ ሰዎች ገለል በተደረጉበት ወቅት ከአንድ ወር ተኩል ባነሰ ጊዜ ከ800 በላይ ዒላማዎች ተመቱ። ለኃይል መቸኮል ማለት ይህ ነው፤ ከአለቃው ጠረጴዛ ተነሥቶ እስከ ዒላማ ዝርዝሩ ይወርዳል፣ ከዚያም በሰዓዳ የተኛ የገጠር ልጅ ላይ ያርፋል። ዘመቻው በአንድ ወር ቢዘገይም አማራጮቹ እንደማይለወጡ የጻፉትን ባለሥልጣን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

የአሜሪካ ማዕከላዊ ዕዝ የሲቪሎችን ሞት አስመልክቶ የቀረበውን አቤቱታ እየመረመርሁ ነው ብሎ ነበር። ስድስት ወር አልፎ አምነስቲ በኦክቶበር ማብቂያ ሁለተኛውን ሪፖርት ሲያወጣ የምርመራው ውጤት አልተነገረም።

ጸሐፊው በአሜሪካ የምንኖር ትውልደ ኢትዮጵያውያን በዚህ ክርክር ዝም እንድንል ይመክራሉ። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በሚኒሶታ ድምፅ የሚሰጡ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። በኢራን ላይ የተደረገውን ጥቃት አስመልክቶ ፕሬዚዳንቱ የኮንግረስን ፈቃድ እንዲጠይቁ የሚያዝዘውን የውሳኔ ሐሳብ ያቀረቡት የቨርጂኒያው ሴናተር ቲም ኬን ናቸው፤ በጁን 47 ለ53 ተሸነፈ። ስለ ጀልባዎቹ በኦክቶበር የቀረበው 48 ለ51፣ ስለ ቬንዙዌላ በኖቬምበር የቀረበው 49 ለ51 ወደቁ። ልዩነቱ በአንድና በሁለት ድምፅ በሚቆጠርበት ቦታ የመራጭ ደብዳቤ ዋጋ አለው። የሚጻፈውም ግልጽ ነው። የሰዓዳው ማቆያ በዒላማነት የተመረጠው በምን መረጃ ነው? ያጸደቀው ማን ነው? የምርመራው ውጤት ለምን አይታተምም? ኮንግረስ በውጊያ ለተጎዱ ሲቪሎች የሚከፈል በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር ለመከላከያ ሚኒስቴሩ ፈቅዷል፤ ከዚህ ገንዘብ እግሩን ላጣው ልጅና ለሟቾቹ ቤተሰቦች ምን ደረሳቸው?